ለአሮጌው ብስክሌት የተገኘው ቸርኬ

አስከሬኑ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ብስክሌቱ ብቻውን ሜዳው ላይ ቀረ። የፊት ጎማው እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ታጥፏል፤ የኋላው ደህና ነው። ትራፊክ ፖሊሱ መኪናው ላይ ሊጭነው ጎንበስ አለና የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። እንደ ተጎነበሰ ስልኩን አውጥቶ ወደ መርማሪዋ ደወለ።

«አደጋ ነው ብዬ ነበር» አለ። «አሁን ግን እንጃ። እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያዩት ይሻላል።»

መርማሪዋ አጠር ደልደል ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ሰው ከእሷ ፊት ሲጣደፍ ከአፏ የሚወጣው ይኸው ስለሆነ። ግቢው የተዘጋ መጋዘን ግቢ ነው፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ ሲሚንቶ፣ ዳር ዳሩን ዝቅተኛ ጠርዝ የተሠራለት። ሟቹ ራሳቸውን የመታቸው ያ ጠርዝ ነው።

ሰፈሩ «ቆጣሪው» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ብስክሌት ቤት ለቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ብስክሌቱም አብሯቸው ጡረታ ወጣና ጓዳ ውስጥ ዛገ። በኋላ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ አውጥተው ያድሱት ጀመር። ቀለሙ ተቀባ፣ ሰንሰለቱ ተገኘ፣ ኮርቻው ተሰፋ። ሁለቱ ቸርኬዎች፣ ጎማ የሚታሰርባቸው የብረት ክቦች፣ ግን ዝገት በልቷቸው ስለነበር መተኪያ አጡ። የድሮው ብስክሌት ፍሬን እንደ ዛሬው ከጎንና ከጎን አይነክስም፤ ከሥር ሆኖ ወደ ቸርኬው ሆድ፣ ወደ መሀል ወደሚያየው ገጽ፣ ነው የሚጫነው። የዛሬ ቸርኬ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሆድ የለውም፤ የሽቦ ቀዳዳውም ቁጥር አይገጥምም። የኋላው ቶሎ ተገኘ። የፊት ጎማው ቸርኬ ግን ዓመት ከመንፈቅ አስለፋቸው።

መርማሪዋ ተንበረከከች። ቸርኬው የተበጠሰበት ቦታ ሁለት ዓይነት ገጽ አለው። አንደኛው ጫፍ ሸካራና የተቀዳደደ ነው። የቀረው ግን ቀጥ ያለ፣ ልሙጥ።

«የብረት መጋዝ ነው፣ ሴጌቶ» አለ ትራፊክ ፖሊሱ። «ተቆርጧል። ትንሽ ናት የተተወችለት። ፍሬን ሲይዙ የፍሬኑ ላስቲክ የተቆረጠው ውስጥ ገባና በረገደው።»

«ቀስ በል» አለች። በጣቷ የቸርኬውን ሆድ ዳሰሰች። ኒኬሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ የተቆረጠበት መስመር በላዩ ላይ እንደ ኩል ጥቁር ነው። «ኮፐርቶኑ የሚሸፍነው ይህን የሚያህል ቦታ እያለ፣ ለምን እዚህ ቆረጠው?»

«ማን ያውቃል? ቸኩሎ ይሆናላ።»

የመጋዘኑ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ወደሱ ሄደች።

«ሲወድቁ አይተሃል?»

«አይቻለሁ እንጂ። በሩን የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ፤ 'አንድ ዙር ብቻ' ብለው ለምነውኝ። ባለቤታቸው እዚያ ማዶ ቆመው ነበር። ዝም አላሉም እኮ! ከተነሡ ጀምሮ 'ና፣ ና፣ እዚህ ነኝ' እያሉ ነው። ዳዴ የሚል ልጅ የሚያለማምዱ ነው የመሰለኝ። 'ደረስክ፣ ያዝ!' ሲሏቸው ፍሬን ያዙ፤ ከዚያ...» ዘበኛው አፉን በእጁ ሸፈነ። «እኔ ምን ላድርግ? ቆሜ አየሁ። ሮጬም አልደረስኩ።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በማግስቱ የነገራት ብዙ አልነበረም። የራስ ቅል ስብራት፤ ሌላ ምንም የለም። «ስኳር ነበረባቸው» አለ። «ከባድ ስኳር። ጣቶቻቸውን አይተሻል? ጫፋቸው የቃጠሎ ጠባሳ ብቻ ነው። አዲስም አሮጌም።»

*

የሟች ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት። ጓዳዋ የብስክሌቱ መጠገኛ ነበረች። እማማ፣ የሟች ባለቤት፣ በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም።

«ምሽት ምሽት እዚሁ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። «ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሽቦ ያጠብቃል። እኔ እተኛለሁ፣ እሱ ይቆያል።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አምፖል ማስገቢያው ባዶ ነው፤ ከእሱ እስከ ግድግዳው ሸረሪት ድር አድርታበታለች። መስኮት የለም። መሣሪያዎቹ በሙሉ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። በእያንዳንዱ መያዣ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ላይ ትልቅ ቋጠሮ፣ ሌላው ላይ ሁለት። ሴጌቶውን አወረደች። ጥርሱ መሀል የብረት ብናኝ አለ። ግድግዳው ላይ ካለው ባዶ ሚስማር ሥርም ያው ብናኝ እንደ ጨው ተነስንሷል።

«ቸርኬው የተሰቀለው እዚህ ነበር?»

«አዎ። የሸጠልን ነጋዴ ካመጣው በኋላ ሽቦ እስኪገጠምለት ሦስት አራት ቀን እዚያ ነበር።»

«በነዚያ ቀናት ማን ገባ?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ማን ይገባል ልጄ? እኛው ነን። እኔ፣ እሱ። ነጋዴው ሁለተኛ መጥቶ ሽቦ ሰጠው። የባለቤቴ ወንድም አንድ ቀን መጣ፣ ተጣልተው ሄደ። ልጄም መጥታ ነበር፣ ሥራ የሌላት ቀን። ቤት ጠበቀችልን።»

«እናንተ የት ሄዳችሁ?»

«የታመመ ሰው ልንጠይቅ» አሉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ነጋዴው ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ ብረት ነው፤ ራሱም ከብረቱ መሀል ተሸማቆ ነው የሚቀመጠው።

«እኔ ላይ ነው አይደል የምትመጡት?» አለ ገና ከመግባቷ። «ሰው ሁሉ 'የተሰበረ ሸጠላቸው' ይላል። እመቤቴ፣ ዓመት ከመንፈቅ ቸርኬ ቸርኬ ሲሉኝ ሚስቴ እኔን ራሴን 'ቸርኬ' ብላ መጥራት ጀምራ ነበር! በመጨረሻ የማላውቀው ከተማ ድረስ ሄጄ፣ የሞተ ብስክሌት ሠሪ ቤት ጣሪያ ሥር አገኘሁት። እንዳለ በወረቀት እንደተጠቀለለ። እንኳን ሽንቁር ጭረት አልነበረውም።»

«በምን አወቅህ?»

«አይቼዋላ! ዙሪያውን አይቼ፣ ቀዳዳውን ቆጥሬ፣ የተቀረጸበትን ጽሑፍ አንብቤላቸው ነው የሰጠኋቸው።»

«ለምን አንተ አነበብክላቸው? ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።»

«መነጽራቸውን ረስተው ነበራ።»

«ሁልጊዜ ይረሳሉ?»

ነጋዴው አንዲት ብሎን አንሥቶ ሲያገላብጥ ቆየ። «ጋሼ ሰው አደራ ሲሰጡ አጥብቀው ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ሌላ ነገር ይጠይቁኝ።»

ወንድምየው ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። የሟች ቤት የጋራ ውርስ እንደሆነ፣ ሽያጩንም ሲያነሡ ሲጥሉ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት ሌላም ነገር ሰምቷል፤ በተጣሉበት ቀን በሩ ላይ ቆመው «ትሞታለህ! ነግሬሃለሁ፣ ትሞታለህ!» ብለው መጮኻቸውን።

«ብያለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ሻከረ። «ብዬም ወጣሁ። ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም አልኩት። አልረገጥኩም። አሁን ደስ አላችሁ?»

«ለምን ይሞታል አሉ?»

«ሽማግሌ ነዋ! በዚህ ዕድሜ ብስክሌት ምን ይባላል?»

«ከዚህ በፊት አንድ ቸርኬ ተገኝቶ ተበላሽቶ ነበር ብለውኛል እማማ።»

«አዎ፤ ከስድስት ወር በፊት ይሆናል። ተጣሞ ተገኘ። እኔ ነኝ ያየሁት፣ ጓዳ ገብቼ። ይሄ ምንድነው አልኩት። ነጋዴው ነው ያመጣው እንዲህ፣ ብሎ ተናደደ።» ወንድምየው ከሚገባው በላይ የተናገሩ መሰላቸውና በሩን ሊከፍቱላት ተነሡ።

ልጅቷ ከከተማው ሌላ ጫፍ የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ አብጧል። መርማሪዋ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ለጥቂት ጊዜም ስለ ጨርቅ ብቻ አወሩ።

«አባትሽ ብስክሌት ቢነዱ ደስ ይልሽ ነበር?»

«እኔ?» ልጅቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ያዞረዋል እኮ። ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ መንገድ ላይ። ብስክሌት ላይ ሆኖ ቢያዞረውስ? ለምኜዋለሁ። 'ቸርኬው ይገኝና አንድ ዙር ብቻ' ነው መልሱ። ቸርኬውን ሲፈልግ ግን... ሲፈልግ ደህና ነበር። ሰው ያገኛል፣ ይስቃል፣ ይበላል። ጡረታ እንደወጣ ያየሽው እንደሆነ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ነበር የሚውለው።»

«ነጋዴው የተበላሸ ሸጦላቸው ይሆን?»

«አባዬን ማታለል? አይቻልም። ዓይኑ ንስር ነው። የመጀመሪያው ቸርኬ የተጣመመ ጊዜ ገና ከበሩ ሲያየው ነው አንሥቶ የወረወረው። እማዬ ነገረችኝ።»

መርማሪዋ ከበርጩማው አልተነሣችም። ልጅቷ የስፌት መኪናዋን ማንቀሳቀስ ስትጀምር ስፌቱ መስመሩን ሳተ። መርማሪዋ እሷን ሳይሆን የሳተውን ስፌት ስታይ ቆየች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር አወቀችው፤ ባላወቅሁት ብላም ተመኘች።

*

ከቀብሩ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ሁሉንም በሟች ቤት ሰበሰበቻቸው። እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልጃቸው ከጎናቸው፤ ወንድምየው መስኮቱ ሥር፤ ነጋዴው በሩ አጠገብ፣ እንዳይቀመጥ የተከለከለ ይመስል ቆሞ። ትራፊክ ፖሊሱ የተሰበረውን ቸርኬ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እማማ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አለች መርማሪዋ። «ያለሱ አይሆንልኝም። ይህ ቸርኬ እዚህ ቤት ሲገባ ጤነኛ ነበር። ጓዳው ውስጥ፣ በራሱ በሟች ሴጌቶ ተቆረጠ። ብናኙ ከሚስማሩ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ ቆራጩ ጓዳው ከገባ ሰው አንዱ ነው፤ እሱም እዚህ ክፍል ውስጥ አለ።»

«ጨርሺው» አሉ ወንድምየው። «እኔ ነኝ ልትይ አይደል? ለቤቱ ብሎ ነው ልትይ?»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ። መጀመሪያ ስለ ሟች እናውራ። ሰውየው ጓዳው ውስጥ ምሽቱን ሙሉ ይሠሩ ነበር። ጓዳው ግን መብራት የለውም፤ ካጣ ቆይቷል። መሣሪያዎቻቸው ላይ ቋጠሮ ቋጥረዋል፣ በመዳሰስ ለመለየት። የብስክሌቱ ቀለም በግራ በኩል ተንጠባጥቦ እንደ ሻማ እንባ ደርቋል፤ እንኳን ጥንቁቅ ሰው ግዴለሽም አይቶ አይተወውም። ጽሑፍ ሌላ ሰው ያነብላቸዋል። ብስክሌቱን ሲነዱ ደግሞ ባለቤታቸው ማዶ ቆመው ያለማቋረጥ ይጠሯቸው ነበር። ለምን ነበር እማማ?»

«በድምፄ ነበር የሚመጣው» አሉ እማማ። «አያይም ነበር።»

«ምን?» አለች ልጅቷ።

«ስኳሩ ነው የወሰደበት። ትንሽ ትንሽ እያለ። አሁን በቅርቡ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር...»

ልጅቷ ከአልጋው ተነሣች። «እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?»

«ተቀመጪ» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ እጅግ የለሰለሰ ነበር። «ስኳሩ የጣቶቻቸውንም ስሜት ወስዶባቸዋል። ምድጃ ሲነኩ አይሰማቸውም፤ ለዚህ ነው ጫፋቸው የተቃጠለው። ሽቦ በጆሯቸው ነበር የሚያጠብቁት፣ እየመቱ ድምፁን እየሰሙ። ስለዚህ ይህን ቁርጥ በዓይናቸውም አላዩት፣ በጣታቸውም አላገኙት፤ እማማም ጨለማው ጓዳ አይገቡም፣ ቸርኬውን ያዩት ሲሽከረከር ብቻ ነው።» ቸርኬውን አነሣችና የተቆረጠውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «አሁን ቁርጡን እዩት። ሰው ለመግደል የሚፈልግ ቢሆን ኮፐርቶኑ ከሚሸፍነው በኩል ይቆርጥ ነበር። ይህ ግን ከሚያበራው ሆድ ላይ፣ ማንም ከሩቅ በሚያየው ቦታ ነው የተቆረጠው። የቆረጠው ሰው እንዲታይለት ነው የፈለገው። ሽማግሌው አይተው፣ ተናደው፣ እንዲጥሉት። ፍለጋውም እንደገና እንዲጀመር።»

ነጋዴው በሩን ተደገፈ።

«እንግዲህ ሟች ማየት እንደማይችሉ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። እማማ ያውቃሉ። ነጋዴው ያውቃል፣ አደራ ተሰጥቶታል። ወንድምየውም ያውቃሉ፤ 'ትሞታለህ' ያሉት ስለ ዕድሜያቸው አልነበረም።»

«ዕውር ሆኖ ብስክሌት!» አሉ ወንድምየው፣ እንባቸው እየወረደ። «እኔ እኮ ቸርኬውን በየጊዜው የማይለት ነበርኩ። የመጀመሪያውንም ያየሁለት እኔ ነኝ። ይሄኛውን ግን ተናድጄ... ሳላየው ሄድኩ።»

«የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ» አለች መርማሪዋ። «የመጀመሪያውን ቸርኬ አጣማ፣ አባቷ 'አይተው' እንደጣሉት የተነገራት። እናቷ ምስጢሩን ለመጠበቅ ብለው እንዲያ አሏት። እሷም አመነች። እናትና አባቷ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ የታመመ ልንጠይቅ ነው ብለው ቤቱን ለእሷ ትተው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው የተቆረጠው።»

ማንም ወደ ልጅቷ አልዞረም። እሷ ግን ቸርኬውን ብቻ ነበር የምታየው።

«በደንብ እንዲታይ ብዬ ነው ጠልቄ የቆረጥኩት» አለች። «ትንሽ ብትሆን አያያትም ብዬ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ግራ መጋባት ብቻ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብሎ ነው እሱ። ሥራዋን ትታ እኔን ልትመራ ትመጣለች አለ። አስማለኝ።»

«እኔ እኮ እንዳይሞት ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ።»

እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጅቷ ግን ባለችበት ቆማ ቀረች። ነጋዴው «እኔ ባልሰጣቸው ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ወንድምየው ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ደገፉ። ትራፊክ ፖሊሱ መርማሪዋን አያት፤ አንድ ነገር እንድትል የሚለምን ይመስል ነበር። በሥራ ዘመኗ ሌባም ነፍሰ ገዳይም ፊት ቆማ «አንተ ነህ» ስትል እፎይታ ይሰማት ነበር። ዛሬ አልተሰማትም።

«መግደል እንዳላሰብሽ በደንብ ነው የምጽፈው» አለች። «ያወቅሁትን ግን አላውቅም ማለት አልችልም። አብረን መሄድ አለብን።»

ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጫማዋን አድርጋ ወጣች፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው። ከኋላ ወንበር ገብታ ተቀመጠች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው።

መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል እማማ በሩጫ ወጡ። እጃቸው ላይ ወፍራም ሹራብ አለ፤ የማን እንደሆነ እንኳ ያዩ አይመስሉም። በመርማሪዋ በኩል ባለው መስኮት አስገቡት።

«ብርድ አትችልም» አሉ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ያስገቡላታል?»

«ያስገባሉ» አለች መርማሪዋ፣ እርግጠኛ ባትሆንም።

እማማ የመስኮቱን ጠርዝ አልለቀቁም። «መቼ ነው የምትመልሺያት ልጄ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። መርማሪዋ ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ ከዚያ ፈታችና እንደገና አጠፈችው። እማማ መልሱን እየጠበቁ እዚያው ቆመው ነበር።